የላፕቶፕ ፋን ሲጮህ፦ ዋራንቲ ወይስ ካቻቢቴ?

ፋኑ ጮኸ ብላችሁ ወደ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ድምፁን ለዩት።

በኃይል ይነፋል፣ ላፕቶፑ ግን ይግላል
ፋኑ ደህና ነው፤ የታፈነው የአየር መውጫው ነው። አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ያባብሰዋል። ደሴ ላይ ደግሞ ብርዱን ሽሽት ላፕቶፕ ይዘን ብርድ ልብስ ውስጥ እንገባለን፤ ያም ያፍነዋል። ለዚህ ዋራንቲ አትቁጠሩ፣ አቧራን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የፋኑን ክንፍ በስንጥር ይዛችሁ በቆርቆሮ የሚሸጠውን የታመቀ አየር ቆረጥ ቆረጥ እያደረጋችሁ ንፉበት። ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት ግን አይሆንም፤ የኮምፕረሰሩ ግፊት ከባድ ነው፣ ውሃም ይተፋል።

ይንቋቋል፣ ይፋጫል
ኩሽኔታው አልቋል። ዘይት ጠብ ቢደረግበት ለጊዜው ዝም ይል ይሆናል እንጂ መድኃኒቱ አዲስ ፋን ነው።

ጨርሶ አይዞርም
ኤችፒ ሲነሳ 90ቢ የሚል ኮድ ያሳያል፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ የፋን ስህተት ብሎ ይጠፋል። ወይ ሶኬቱ ለቋል፣ ወይ ፋኑ ሞቷል። በዚህ ሁኔታ ሥራ አትሥሩበት።

ለኋለኞቹ ሁለቱ ውሳኔው እዚህ ጋ ነው። ከጀርባው ያለውን ሲሪያል ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ቀኑን ብቻ ሳይሆን አገሩንም እዩ፤ ዘመድ ከዱባይ ያመጣው ላፕቶፕ ዋራንቲው ገና ሳያልቅ እዚህ ላይሠራ ይችላል። የሱቅ ዋስትና ከሆነ ደውላችሁ ጠይቁ፦ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የማጓጓዣ ሂሳብ ማን ይከፍላል? ስንት ቀን ይቆያል? መልሱ ጥሩ ከሆነ አንድ ብሎን እንኳን አትንኩ፤ ፋይላችሁን ገልብጣችሁ ላኩት። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያለ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ላፕቶፑን ለሳምንታት አሳልፎ መስጠት ይከብደዋል። እኔ ብሆን፣ መልሱ «እናያለን» ከሆነ ራሴ እቀይረዋለሁ።

ፋን ስትገዙ የላፕቶፑን ሞዴል ብቻ አትናገሩ። አሮጌው ፋን ላይ የተለጠፈውን የዕቃ ቁጥር አሳዩ፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሌላ ፋን ሊወስድ ይችላል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ሽፋኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። ፋኑ ለብቻው ከወጣ ሙቀቱን የሚወስደውን የመዳብ ቱቦ አትነካኩ፤ አብሮ ከተነሳ ግን አሮጌውን ቴርማል ፔስት (ከቺፑ ወደ መዳቡ ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት) በአልኮል ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ባትሪው አብጦ ካገኛችሁት ፋኑን ተዉትና ለባለሙያ ስጡት።