ፒኤስፒያችሁን እንዳትገድሉት፦ ሆምብሩ ስትጭኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ፒኤስፒውን፣ ማለትም የሶኒን በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን፣ ይዞ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ወዳለው ቤቴ መጣ። ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋሁት። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ ትንሽ ቆይታ እሷም ጠፋች። ይህን ምልክት የሚያውቅ ሰው ሆዱ ይባባል።

የሆነው ይህ ነው። ሆምብሩ፣ ማለትም ሶኒ ያልፈቀዳቸውን በግለሰቦች የተሠሩ ፕሮግራሞች፣ ለመክፈት ካስተም ፈርምዌር (የተሻሻለ የማሽኑ ዋና ሶፍትዌር) እየጫነ ሳለ መብራት ሄደ። ባትሪው ሙሉ ነኝ ይላል እንጂ ከቻርጀር ሲነቀል ሁለት ደቂቃ አይቆይም። ስለዚህ የማሽኑ ውስጣዊ ሜሞሪ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ባዶ ቀረ። እዚህ ባሕር ዳር ዝናብ ሲጀምር መብራት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ባትሪውን ፈትኑት። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ተጫወቱበት። ካልቻለ አትጀምሩ፤ ደህና ባትሪ ተዋሱ።

ሌላው ስህተት ሞዴሉን አለማወቅ ነው። ማሽኑ ላይ 3004 የሚል ካያችሁ ሞዴሉ 3000 ነው፤ የመጨረሻዋ ቁጥር የተሸጠበትን አካባቢ ብቻ ነው የምትናገረው። ይህ ለምን ይጠቅማል? ፐርማነንት ፓች የሚባለው፣ ማሽኑ ቢጠፋም ካስተም ፈርምዌሩ እንዲቆይ የሚያደርገው ነገር፣ ለ1000 እና ለመጀመሪያዎቹ 2000ዎች የተሠራ ነው። 3000 ላይ በግድ ከተጫነ ማሽኑን ይገድለዋል። የሞተ 1000 ደግሞ ፓንዶራ በሚባለው፣ ማሽኑን በጥገና ሁኔታ በሚያስነሳው ልዩ ባትሪ ሊነሳ ይችላል፤ 3000 ላይ ግን ያ መንገድ ተዘግቷል። የአክስቴ ልጅ ማሽን 3000 ነበር። ፒኤስፒ ገበያ ላይ መቅረብ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለሆነ ሱቅ ሄዶ አዲስ መግዛትም የለም። የሶኒ የመጨረሻው ፈርምዌር 6.61 ነው፤ መጀመሪያ ማሽኑን ወደ እሱ አሳድጉት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ማሽኑ ሳይበላሽ ተበላሽቷል ማለት። 6.61 ፕሮ የሚባለው ካስተም ፈርምዌር 3000 ላይ ሲጫን ፋይሎቹ ውስጣዊው ሜሞሪ ላይ ቢጻፉም የሚሠራው ራም (ማሽኑ ሲጠፋ የሚጸዳው ጊዜያዊ ሜሞሪ) ውስጥ ሆኖ ነው። ማብሪያውን አንዴ ነካ ካደረጋችሁት ማሽኑ ይተኛል፤ ፈርምዌሩም ይቆያል። ወደ ላይ ገፍታችሁ ከያዛችሁት ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ፈርምዌሩም አብሮ ይሄዳል። ባትሪው ሲያልቅም እንደዚያው ነው። ከዚያ ሆምብሩ ስትከፍቱ 80020148 የሚል ስህተት ይመጣል።

አንድ ጓደኛዬ በጀልባ ወደ ዘጌ ስንሄድ ይህ ቁጥር ወጣበት። ደነገጠና ያወረደውን ሁሉ እዚያው አጠፋው። ጣና መሀል ላይ ከየት ያወርዳል? መፍትሔው ጣቱ ሥር ነበር፤ ፈርምዌሩን መልሶ የሚያስነሳውን ፋስት ሪከቨሪ የሚለውን ፕሮግራም አንዴ መክፈት ብቻ። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ይህንን ታደርጋላችሁ። ኢንፊኒቲ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በየጊዜው ከመክፈት ይገላግላል፤ ግን እሱም ውስጣዊውን ሜሞሪ ስለሚነካ የባትሪውን ነገር አትርሱ።

ፎልደር ላይ የሚሠራው ስህተት ትንሽ ነው፤ ግን ሰው ያማርራል። ዚፑ ሲፈታ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ይፈጠራል። ፒኤስፒ፣ ከዚያ ጌም፣ ከዚያ የፕሮግራሙ ፎልደር፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ኢቡት የሚለው ፋይል እዚያው መገኘት አለበት። አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ከገባ ማሽኑ አያየውም።

ሜሞሪ ስትገዙ በሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። 64 ጊጋ ተብሎ 8 ብቻ የሚይዝ አለ። መጀመሪያ የገባው ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የገባው ፋይል ይበላሻል። ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ ጽፎ መልሶ በማንበብ ይፈተናል። ፎርማቱንም (ሜሞሪውን አጥፍቶ ማዘጋጀቱን) ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ፒኤስፒው ላይ አድርጉት፤ ኮምፒውተር ትልልቅ ሜሞሪ ላይ የሚጠቀመውን ኤክስፋት የተባለውን የፎርማት ዓይነት ስለማያነብ። ከዚያ በፊት ግን ሴቭዳታ የሚለውን ፎልደር ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። የስንት ወር ጨዋታ በአንድ ቁልፍ ይጠፋል።

የፋይል ስም በአማርኛ አትጻፉ፤ የማሽኑ ፎንት ፊደላችንን አያውቅም። የአማርኛ መጽሐፍ ልታነቡበት ከፈለጋችሁ ገጾቹን ወደ ፎቶ ቀይሩ። ስክሪኑ 480 በ272 ፒክስል ብቻ ስለሆነ አንዱን ገጽ ለሦስት ቁረጡት። እኔ እንደዚያ አድርጌ ማታ ማታ አነባለሁ፤ መብራት ሲሄድም አያቋርጠኝም።