ተዳፋት መሬት ላይ የአፈር እርከን እንዴት ይሠራል?

ድሬዳዋ ሳይዘንብ ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ይሞላል። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ሐረማያ በኩል ደጋው ላይ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍም የወረደው ከዚያው ከደጋ ነው። ጎርፍ የሚያዘው ገና ቀጭን ሳለ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው፤ የሚይዘውም የአፈር እርከን፣ ማለትም ተዳፋቱን አግድም ያቋረጠ ቦይና ከሥሩ የተከመረ አፈር ነው።

ቁፋሮው ከባድ ቢሆንም ዋናው ሥራ ልኩ ነው፦ እርከኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ማድረግ። እኔ መጀመሪያ በዓይን ግምት ሠራሁ። አንድ ለሊት ዘነበ፤ ውሃው ሁሉ ዝቅ ያለችው ቦታ ተሰብስቦ እርከኑን ቀደደው። ማሽላዬ ከነአፈሩ ሄደ። ባልሠራው ይሻል ነበር።

ልክ ለማውጣት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሁለት የ2 ሜትር እንጨቶች ጫፋቸውን እሰር፣ እግራቸውን ከፈት አድርግ፣ መሃል ላይ አግዳሚ ምታ። ከጫፉ ሲባጎ አንጠልጥለህ ድንጋይ እሰርበት። አቁመው፤ ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን ምልክት አድርግ። አሁን እግሮቹን አቀያይረህ እዚያው ቦታ አቁምና እንደገና ምልክት አድርግ። የሁለቱ ምልክቶች መሃል ልክህ ነው። ሲባጎው እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው።

ከላይኛው የማሳ ጫፍ ጀምር። አንዱን እግር ተክለህ ሌላውን እያዞርክ ሂድ፤ ልክ በመጣ ቁጥር ችካል ምታ። መስመሩ ይጠማዘዛል፣ ይጠማዘዝ። ቀጣዩ እርከን መሬቱ 1 ሜትር ሲወርድ ይሁን። ከ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት፣ ርቀቱ 10 ሜትር ገደማ ነው። ከ15 በላይ ከወረደ አፈሩን ተወው፣ የድንጋይ ካብ ሥራ።

ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ጥልቀት ይኑረው። አፈሩን ወደ ታች ጣል፤ ግን ከቦዩ አፋፍ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተው፣ አለዚያ ተመልሶ ይገባል። በየ5 ሜትሩ ሳይቆፈር የሚቀር ድልድል ተው። ውሃው በቦዩ ውስጥ እንዳይጋልብ የሚይዘው እሱ ነው። አፈሩን በደረጃ በደረጃ ርገጠው፤ ተረግጦ ሲያልቅ ቁመቱ 60 ይሁን። የእርከኑን ሁለት ጫፎች ትንሽ ወደ ላይኛው ተዳፋት እጠፋቸው።

የተከመረው አፈር ጀርባ ላይ ዝሆኔ ሳር ትከል። ፍየል ካለ ሳሩ ሥር እስኪይዝ ከእሷ ጠብቀው፣ የኛ ሰፈር ፍየል ደግሞ አጥር አይመልሳትም። ከዝናብ በኋላ ቦዩ የያዘውን ደለል አውጥተህ እርከኑ ላይ ጨምር።

ይህን ሁሉ ክረምት ሳይገባ ጨርስ። የመጀመሪያው ዝናብ እንዳባራ ሄደህ እየው፦ ቦዩ ውስጥ ውሃው ከዳር እስከ ዳር እኩል ከቆመ ልኩ ሠርቷል። አንድ ጥግ ካበጠ፣ አካፋህን ይዘህ እዚያ ጀምር።