አፕላችን መጨማደዱን እንዴት እንዳቆምነው

ደብረ ብርሃን ጓሯችን ውስጥ አፕል አለን። ለቅመን ጓዳ ስናስገባው ቆዳው ይጨማደድ፣ ውስጡም ዱቄት ዱቄት ይል ነበር። አሁን መፍትሔ አግኝተናል፤ የሚጠቅመው ሰው ካለ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። አፕል ከተቀጠፈ በኋላም ይተነፍሳል። ሲሞቀው ቶሎ ይበስላል፣ ሲቀዘቅዘው ይዘገያል። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል። ማድቤት አጠገብ ያለ ጓዳ ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ ፀሐይ ወደማይነካው፣ በሰሜን በኩል ወዳለው ክፍል አዛወርነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ እንደ ፍሪጅ ነው። ማታ መስኮቱን እንከፍታለን፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ እንዘጋለን። ውርጭ ሲጠና ግን መስኮቱ አይከፈትም፤ ሳጥኖቹንም በጆንያ እንሸፍናለን። አንዴ በረዶ የሆነ አፕል ሲቀልጥ ይላሽቃል።

መጨማደዱን ያመጣው ደረቅ አየር ነው። ሳጥኖቹን ውስጣቸውን ቀዳዳ ባለው ፌስታል ለበጥናቸው፣ ወለሉንም ውሃ እንረጨዋለን። ፍሬው ግን ከመበላቱ በፊት አይታጠብም።

ድንችና ሽንኩርቱ ሌላ ክፍል ገቡ፤ አፕል ሽታቸውን ይስባል። ካሮትም አብሮት አይቀመጥ። አፕል የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ካሮትን ያመርረዋል።

እናቴ ሳጥኖቹን በየጊዜው ትፈትሻለች። አንድ የበሰበሰ ጎረቤቱን ስለሚያበላሽ ወዲያው ይወጣል። የተቀጠቀጠና ትል የገባበት ቀድሞ ይበላል። ዝርያም ለውጥ አለው፤ አና የሚባለው ብዙ አይቆይም፣ ቶሎ ይሸጥ። ግራኒ ስሚዝ ግን በደንብ ከተያዘ ወራት ይቆያል።