ኮከብህ ክለብ ሲቀይር በሥርዓት የመናደድ ዘዴ

መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጥ።

የምነግርህ ከራሴ ነው። ነሐሴ 2004 ዓ.ም.፣ ዝናቡ እንደ ጉድ በሚወርድበት ሳምንት፣ አጥቂያችን ሮቢን ቫን ፐርሲ ከክለቤ ከአርሰናል ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። ከመርካቶ የገዛሁት ማሊያ ነበረኝ። ጀርባው ላይ ስሙና 10 ቁጥር አለ። ስሙን በምላጭ ልፍቅ ብዬ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያዋ ፊደል ስትነሳ ጨርቁም አብሮ ተነሳ። እናቴ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። በሳምንቱ ማሊያው የወለል መወልወያ ሆኖ አገኘሁት። ያቺ 10 ቁጥር ለሁለት ዓመት ሳሎናችን ውስጥ ውሃ ስትጠጣ ኖረች። የሚያናድደው ደግሞ ቁጥሩን ወዲያው ሌላው የአርሰናል ተጫዋች ጃክ ዊልሸር ወሰደው። ስሙን ብቻ በወጉ ባነሳ ኖሮ ማሊያው ገና ብዙ ያገለግል ነበር።

በወጉ ማንሳት ማለት እንዲህ ነው። ስሙ የተለጠፈ ከሆነ ማሊያውን ገልብጠው። በፊደሎቹ ጀርባ በኩል ስስ ጨርቅ ጣል አድርግና ብዙ ባልጋለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ተጫነው። ከዚያ ጫፉን ይዘህ ቀስ እያልክ ላጠው። ካውያው ከጋለ ፖሊስተሩ ይቀልጥና እናትህ መወልወያ ታገኛለች። ስሙ በቀለም የታተመ ከሆነ አትልፋ፣ ለቤት ልበሰው።

ካውያውን ከመሰካትህ በፊት ግን አንድ ቁጥር ፈልግ። የዝውውሩን ዋጋ ሁሉም ሰው ይነግርሃል። አንተ የምትፈልገው ውሉ ስንት ዓመት እንደቀረው ነው። ቁጣህን በማን ላይ እንደምታወርደው የሚነግርህ እሱ ነው። ብዙ ዓመት የቀረው ተጫዋች ክለቡ ካልፈቀደ ንቅንቅ አይልም። አንድ ዓመት ሲቀረው የሚጨነቀው ክለቡ ነው፤ ዘንድሮ ካልሸጠው ለከርሞ በነፃ ይሄድበታል። ስድስት ወር ሲቀረው ደግሞ ከሌላ አገር ክለብ ጋር ቀድሞ መፈረም ይችላል። ይሄ ሁሉ መብት እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ዣን ማርክ ቦስማን የሚባል ቤልጂየማዊ ተጫዋች በ1995 በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ካሸነፈ በኋላ የመጣ ነው። (ይሄኛውና ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው፣ አትደናገር።) «በነፃ» ሲባልም አትሸወድ። ለክለቡ ሊከፈል የነበረው ብር ወደ ተጫዋቹ ደሞዝና ፊርማ ይዞራል፣ ወኪሉም ድርሻውን ያነሳል።

ቫን ፐርሲ የቀረው አንድ ዓመት ነበር። ዕድሜው 29 ነው። ባለቀው የውድድር ዓመት በሊጉ ብቻ 30 ጎል አግብቷል። አርሰናል በ2004 ከሆላንዱ ክለብ ፌይኖርድ ሲያመጣው የከፈለው 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ሲሸጠው 24 ሚሊዮን ገደማ ተቀበለ። ለእዚያ ዕድሜ፣ አንድ ዓመት ለቀረው ውል፣ ቆንጆ ብር ነው። እኔ ምላጭ ይዤ ስቃጠል ብሩን የቆጠረው የራሴ ክለብ መሆኑ ትዝ አላለኝም። የሄደው አንድ ሰው ነው፤ የፈረሙት ግን ሁለት ክለቦች ናቸው።

ቀጥሎ ዋንጫ ቁጠርለት። «ብር አሳውሮት ነው» የሚለው ቃል ከአፍህ ሊወጣ ሲል ትንሽ ያዘው። ቫን ፐርሲ አርሰናል ቤት ስምንት ዓመት ቆየ። በእጁ የገባው ትልቅ ዋንጫ አንድ ኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ነው፣ የ2005ቱ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመቶች እኛም አብረነው ባዶ እጃችንን ነው የኖርነው። ዩናይትድ በሄደ በመጀመሪያው ዓመት 26 ጎል አግብቶ ሊጉን በላ። ዋንጫው በተረጋገጠበት ምሽት አስቶን ቪላ ላይ ሃትሪክ ሠራ፣ ሦስት ጎል። ታዲያ ብር ነው ወይስ ዋንጫ? አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ በአንድ ፌስታል ነው የሚመጡት፣ እሱን መለየት የኔም የአንተም ሥራ አይደለም።

እኔ ራሴ በ1,500 ብር ልዩነት መሥሪያ ቤት ቀይሬያለሁ። አለቃዬ በሽኝቱ ቀን ኬክ አስቆረሰ። መታወቂያዬን በር ላይ ያቃጠለ ሰው አላየሁም። «ያንተና የኳስ ተጫዋች አንድ ነው ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አንድ አይደለም። እኔ 60 ዓመት እስኪሞላኝ ልሠራ እችላለሁ፣ አጥቂ ግን በ35 ዓመቱ አብቅቶለታል። ጉልበቱ ከተበጠሰ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ።

እንግዲህ መናደድ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። ያለ ንዴት ምን ኳስ አለ? ግን በመሄዱ ሳይሆን በአካሄዱ ተናደድ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ዩናይትድ ሲገባ የተናገረው ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲገጥመው ውስጡ ያለውን ትንሽ ልጅ እንደሚያዳምጥና ያ ልጅ ስለ ዩናይትድ ይጮህ እንደነበር ተናገረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያ ልጅ የት ተኝቶ ነበር? ዲኤስቲቪ ቤት የዩናይትድ ደጋፊዎች ለወራት በዚህ ሙድ ያዙብን። ቡና ሲያዝዙ እንኳን «ውስጤ ያለው ትንሽ ልጅ ማኪያቶ አለ» ይሉ ነበር። በዚህ ተናደድ፣ ይፈቀድልሃል።

አሁን ወደ ከባዱ መጣን። ክለብህ ራሱ ከማን እንደወሰደ አስብ። ይህን ካላደረግክ ብሽሽቅ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትዘረራለህ። እኔን በሶል ካምቤል ነው የሚዘርሩኝ። የጎረቤታችንና የባላንጣችን የቶተንሃም አምበል የነበረ ሰው በ2001 ውሉ አልቆ፣ ለቶተንሃም አንዲት ሳንቲም ሳያስገኝ፣ መንገድ ተሻግሮ ወደ አርሰናል መጣ። በዓመቱ ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን አብረን በላን። አንድም ቀን ከሃዲ ብዬው አላውቅም። ጀግና ነበር የምለው።

የሊቨርፑሉ ጓደኛዬ ደግሞ ከኔ ባሰ። በ2025 ሜይ ላይ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ውሉን ጨርሶ እንደሚሄድ ተናገረ። በኋላ የታወቀው መድረሻው ሪያል ማድሪድ ነው። ከ6 ዓመቱ ጀምሮ እዚያው ያደገ ልጅ ነው። ከእኛ ጋር በነበረው ጨዋታ ተቀይሮ ሲገባ የገዛ ደጋፊው አንፊልድ ላይ አፏጨበት። ጓደኛዬም እዚህ ሆኖ አብሮ አፏጨ፣ «ይሁዳ!» እያለ። በዚያው ክረምት አሌክሳንደር ኢሳክ ኒውካስል ቤት ሦስት ዓመት የሚቀረው ውል እያለው አልጫወትም ብሎ ቁጭ አለ። ያውም በዚያው ዓመት ማርች ላይ ሊቨርፑልን በሊግ ካፕ ፍፃሜ ጎል አግብቶበት፣ ለኒውካስል ከ70 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ዋንጫ ያስገኘ ሰው ነው። የዝውውር መስኮቱ በተዘጋበት ቀን በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑል ገባ። ወላጆቹ ኤርትራውያን ስለሆኑ እኛ ሰፈር ጠበቃ አያጣም፤ ጓደኛዬ ግን ከጠበቃም አለፈ። በሳምንቱ ማሊያውን ለብሶ መጣ።

«ይሁዳስ?» አልኩት።

«ኢሳክ እኮ ህልሙን ነው የተከተለው!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱ ግን ከልቡ ነው።

የመጨረሻው፣ ተጫዋቹ በሌላ ማሊያ ሲመጣብህ እንዴት እንደምትቀበለው ነው። እሱም በሁኔታው ይወሰናል። ከእኛ የሄደው አጥቂ አዴባዮር በ2009 ለማንቸስተር ሲቲ ሲያገባብን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ መጥቶ ደጋፊያችን ፊት ተንበረከከ። እሱን ድምፅህ እስኪዘጋ ጩኽበት። ቫን ፐርሲ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኛ ጋር ሲጫወት በሦስተኛው ደቂቃ አገባና አልጨፈረም። እንዲህ ሲሆን ዝም ብለህ ቡናህን ጠጣ።

ዩናይትድ ሊጉን በልቶ ሜዳችን ኤምሬትስ የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው፣ ኤፕሪል 28፣ 2013። በእኛ ሆሣዕና ነበር። የኛ ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው እያጨበጨቡ አሳለፏቸው፣ መሃል ላይ ቫን ፐርሲ። ዲኤስቲቪ ቤት አንዱ የዩናይትድ ደጋፊ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣውን ዘንባባ አውጥቶ ያውለበልባል። ዋልኮት ቀድሞ አገባልን። ከዕረፍት በፊት ቫን ፐርሲ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። በዚያው አለቀ።

ቤት ስገባ እናቴ የፈሰሰ ቡና ትወለውላለች። ጣቷ ላይ የዘንባባ ቀለበት አለ፣ ከእጇ በታች 10 ቁጥሩ ርሷል።

«ያ ልጅ ዛሬም አገባ?» አለችኝ።

«አገባ።»

«ይሁን። እግርህን አንሳልኝ።»