አስቂኝ የፎቶ ኮሚክ በአክሽን ፊገር እንዴት ይሠራል?

የአክሽን ፊገር፣ ማለትም መገጣጠሚያው የሚታጠፍ የጀግና አሻንጉሊት፣ ፊቱ አንዴ የተቀረጸ ነው፤ ቢደሰትም ቢደነግጥም ያው ፊት ነው። በፎቶ ኮሚክ (በተከታታይ ፎቶና በአጭር ንግግር በሚነገር ታሪክ) ውስጥ የሚያስቀውም ይኸው ነው። ጦር ሊመራ የተሠራ ኮስታራ ጀግና የታክሲ ሰልፍ ሲጠብቅ ወይም ሽንኩርት ሲልጥ ፊቱን አይፈታም። ስለዚህ አሻንጉሊቱን አስቂኝ ለማድረግ አይድከሙ። እሱ የምሩን ይሁን፤ ቀልዱን የሚሠሩት ሁኔታው፣ የሰውነቱ አቋምና ዝምታው ናቸው።

እዚህ የምንሠራው ባለ አራት ፍሬም፣ ማለትም ባለ አራት ፎቶ፣ ኮሚክ ነው። ታሪኩ ዓለምን ለማዳን ሲሮጥ ቡና የተፈላበት ቤት ስለገባ ጀግና ነው።

1. መጀመሪያ ንግግሩን ይጻፉ

ካሜራ ከመነካቱ በፊት አራቱም ፍሬሞች ወረቀት ላይ ተጽፈው ይጠናቀቁ። የእኛው እንዲህ ነው፦

ፍሬም 1፦ ጀግናው ሰይፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «እማማ፣ ዓለም ልትጠፋ ሦስት ደቂቃ ነው የቀራት!»
ፍሬም 2፦ እማማ ከጀበናው ቀና ሳይሉ። «ውይ ልጄ! እንግዲያው አቦሉን ጠጥተህ ሂዳ።»
ፍሬም 3፦ ንግግር የለም። ጀግናው ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ በዚያ ትልቅ መዳፉ ስኒ ይዟል፤ ሰይፉ ቄጤማው ላይ ተጋድሟል።
ፍሬም 4፦ ሁሉም እንደ ፍሬም 3 ነው፤ መስኮቱ ብቻ ቀይ ሆኗል። «በረካው ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

ሦስተኛውን ፍሬም አይዝለሉት። አንባቢው በዓይኑ የሚስቅበት እሱ ነው፤ አራተኛው ላይ ያለው ቃልም ጉልበት የሚያገኘው ከዚያ ዝምታ ነው። ዝም ያለውን ፍሬም «ባዶ ሆነ» ብለው ንግግር ሲጨምሩበት ቀልዱ እዚያው ይሞታል።

በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የሚያስቀውን ቃል ለመጨረሻ ማቆየት ቀላል ነው። አንድ አረፋ (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ውስጥ ከ10 ቃላት በላይ አይጻፉ።

2. ልኬቱን ያስተካክሉ

15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አክሽን ፊገር 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው በ12 ተካፍሎ ማለት ነው። አጠገቡ የሚቀመጥ ዕቃ ሁሉ በዚያው ቁጥር ይካፈላል። 2 ሜትር በር 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስኒ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ጀበና 2 ሴንቲ ሜትር፣ 60 ሴንቲ ሜትር እንጀራ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አሻንጉሊትዎ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በ18 ያካፍሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነችው የፋሽን አሻንጉሊት ከባለ 15 ሴንቲ ሜትሩ ጎን ስትቆም ግዙፍ ትሆናለች፤ እማማን በእሷ አይሥሩ።

የክብሪት ሳጥን ተገልብጦ ቡናማ ወረቀት ቢለበስ ጥሩ ረከቦት ይወጣዋል። ጀበናው ከጥቁር ፕላስቲሲን ይድቦለቦላል፤ ስኒዎቹ ነጭ ፕላስቲሲን የእስክሪብቶ ጫፍ ላይ ተጭኖ ይሠራሉ። ለቄጤማ እውነተኛ ሣር አይጠቀሙ፤ ካሜራው ፊት ሲቀርብ እንደ ሸንበቆ ይወፍራል። አረንጓዴ የስፌት ክር 4 ሴንቲ ሜትር እየቆረጡ ይበትኑ። ለተቆላ ቡና ደግሞ ከቀይ ጤፍ የተሻለ የለም፤ የቡና ፍሬ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ12 ሲካፈል የጤፍ ያህል ነው፣ ቀለሙም ይስማማል።

የእማማ ነጠላ ከቁስል ፋሻ ይቆረጣል። የፋሻው ሽመና ሳሳ ያለ ስለሆነ ፎቶ ላይ ልክ ነጠላ ይመስላል፤ ጥበቡን ዳር ዳሩን በቀጭን እስክሪብቶ ይሳሉ። ችግሩ ትንሽ ጨርቅ ክብደት ስለሌለው ትከሻ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አይወርድም። በውሃ አርጥበው አሻንጉሊቱ ላይ ያልብሱትና እጥፋቱን በጣት ይያዙለት፤ ሲደርቅ እንደታጠፈ ይቀራል።

3. መገጣጠሚያዎቹን ያዘጋጁ

አልታጠፍ ያለ ክንድ በጉልበት ከተጠመዘዘ ውስጡ ያለው ችንካር ይሰበራል። ክፍሉን ለአንድ ደቂቃ ያህል ያልፈላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ። በተቃራኒው የላላ ጉልበት አሻንጉሊቱን ፎቶ መሐል ይጥለዋል። መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ኮላ በስሱ ይቀቡ፣ እስኪደርቅ ድረስ አልፎ አልፎ ያጥፉ ይዘርጉት፤ ካልተነካ ተጣብቆ ይቀራል።

ለማቆም እግሩ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ፕላስቲሲን ይበቃል። በጨርቅ ላይ ግን ቅባቷን ስለምትተው ሥሯ ቁራጭ ፕላስተር ያድርጉ።

አቋሙን ሲያበጁ ራስዎ እንደዚያ ቆመው ይዩ። ሰው ሁለቱም እግሩ ላይ እኩል አይቆምም፤ ክብደቱን ወደ አንዱ ይጥላል፣ ዳሌው ያዘነብላል፣ ትከሻው በተቃራኒው ይሄዳል። ጭንቅላቱ ትንሽ ሲያቀረቅር የቅንድቡ ጥላ ዓይኑ ላይ ስለሚወድቅ ያኮረፈ ይመስላል፤ አገጩ ቀና ሲል ይኮራል። የማይለወጠው ፊት የሚለወጥበት መንገድ ይኸው ጥላ ነው። ዓይኖቹ ደግሞ የሚያናግረውን ሰው ይዩ፤ ሁለት አሻንጉሊቶች ካሜራ ካሜራውን እያዩ ሲያወሩ ንግግሩ ውሸት ይሆናል።

4. ብርሃን

የስልኩን ፍላሽ ያጥፉ። ፕላስቲክ ላይ ነጭ ነጥብ እየጣለ መጫወቻነቱን ያጋልጣል። ከአንድ ጎን መስኮት፣ ከሌላው ጎን ነጭ ወረቀት ወይም ፎም ይቁም፤ ወረቀቱ የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ጥቁሩን ጎን ያበራል። ደመና በመጣ ቁጥር ግን ቀለሙ ይለወጣልና አራቱን ፍሬሞች ሳያቋርጡ ያንሱ። መጋረጃ ዘግቶ በአንድ የኤልኢዲ መብራት መሥራት ይበልጥ ያስተማምናል፤ ከፊቱ ኬክ የሚጋገርበት ወረቀት ሲዘረጋ ጥላው ይለሰልሳል። የመስኮትና የቢጫ አምፖል ብርሃን አይቀላቅሉ፤ የአሻንጉሊቱ ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል።

ለአራተኛው ፍሬም ከካርቶኑ መስኮት ጀርባ ሌላ ስልክ በባትሪ መብራቱ ያቁሙና ቀይ የከረሜላ ወረቀት ይሸፍኑበት። የዕጣን ጭስ ካማረዎት፣ ጭስ ካሜራ ላይ የሚታየው ከኋላው ጨለማ ሆኖ ብርሃኑ ከጀርባ ወይም ከጎን ሲመታው ነው። ዕጣኑ ከአሻንጉሊቱና ከካርቶኑ ራቅ ብሎ ከፍሬሙ ውጭ ይጨስ፤ ሲጨርሱ መጥፋቱን ያረጋግጡ።

5. አነሳሱ

ካሜራው በአሻንጉሊቱ ዓይን ከፍታ፣ ማለትም ከጠረጴዛው 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ከላይ ወደ ታች ከተነሳ የሚታየው ጠረጴዛ ላይ ያለ መጫወቻ ነው። ለተቀመጡት አሻንጉሊቶች ስልኩን ይገልብጡት፤ ሌንሱ ወደ ታች ሲመጣ ወለሉ ጋ ይደርሳል። በጣም አይጠጉ፤ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀው 2 እጥፍ ዙም ያድርጉ። ሲጠጉ አፍንጫው ይተልቃል፣ ጀርባው ካለው ሰውም ፎከሱ ይሸሻል። ሁለቱን ተናጋሪዎች ከሌንሱ እኩል ርቀት ላይ ካስቀመጡ ሁለቱም ጥርት ብለው ይወጣሉ።

አሁን ስክሪኑ ላይ የአሻንጉሊቱን ፊት ተጭነው በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ። ስልኩን ትራይፖድ ላይ፣ ከሌለም መጽሐፍ ላይ በፕላስተር ያስሩና በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ያንሱ። ፍሬም 3 እና 4 መሐል ስልኩ በአንድ ጣት ውፍረት እንኳ ከተንቀሳቀሰ አንባቢው መስኮቱን ሳይሆን መንቀሳቀሱን ያያል። በእያንዳንዱ ፍሬም ላይኛውን ሲሶ ባዶ ይተዉ፤ አረፋው የሚያርፈው እዚያ ነው።

ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት በለስላሳ ብሩሽ አቧራ ይጥረጉ። በዓይን የማይታይ ብናኝ ጥቁር ጥሩር ላይ ሲጎላ እንደ ጨው ይታያል።

6. ጽሑፉ

መጀመሪያ የሚናገረው በግራ ይቁም። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እናነባለን፤ ቀድሞ የሚናገረው በቀኝ ከቆመ የአረፋዎቹ ጭራ ይጠላለፋል ወይም መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል። ይህ ፎቶ ሲነሳ እንጂ በኋላ የሚታረም አይደለም።

ፊደሉን በነጻ ከሚገኙት ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ከአቢሲኒካ ይምረጡ። ፒክስላብ (PixelLab) የተባለው መተግበሪያ የራስዎን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) መጫን ስለሚፈቅድ በስልክ ለሚሠራ ይመቻል። አንድ መተግበሪያ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ካሳየ የመረጡት ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው። ስፋቱ 1080 ፒክስል በሆነ ምስል ላይ ፊደሉ ከ40 ፒክስል አይነስ፤ ፊደላችን ቅጥልጥሉ ብዙ ስለሆነ ሲያንስ ጭ እና ጬ አይለዩም። ደማቅ የሚያደርገውን ቁልፍም ይተዉት፤ የፊደሉን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ደማቅ ካስፈለገ ራሱ ደማቅ ሆኖ የተቀረጸውን ፎንት ይጠቀሙ።

አረፋውን ነጭ፣ ፊደሉን ጥቁር ያድርጉ፤ ጭራው ወደ አፉ ያመልክት እንጂ ፊቱን አይንካ። መስመር የሚሰበረው ሐረግ በሚያልቅበት ነው፦ «በረካው / ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

አራቱን ፍሬሞች ሁለት ሁለት አድርገው ሲደረድሩ በመካከላቸው 15 ፒክስል ያህል ነጭ ክፍተት ይተዉ። በስልክ ብቻ ለሚነበብ ግን ወደ ታች አንድ በአንድ መደርደር ይሻላል፤ አራተኛው ፍሬም ከሦስተኛው ጋር አብሮ ስለማይታይ ቀልዱ ቀድሞ አይፈስም። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ያለ ምንም ማብራሪያ ያሳዩትና ዓይኑን ይከታተሉ። አንደኛው ፍሬም ላይ ከቆየ ጽሑፉ በዝቷል፤ አራተኛው ላይ ደርሶ ወደ ሦስተኛው ከተመለሰ የመስኮቱ ቅላት ስላልጎላለት ነውና ያንኑ አንድ ፍሬም ደግመው ያንሱ።