የኢኑይት ቅርጻ ቅርጽ ሲታይና ሲገዛ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የሰሜን ካናዳ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይት የሚሠሯቸውን ቅርጻ ቅርጾች መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ «የኢኑይት ስልት» የሚባል አንድ ወጥ ነገር ያለ ይመስለዋል፤ በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለትም አረንጓዴ፣ የተወለወለና በአንድ እግሩ ቆሞ የሚጨፍር ነጭ ድብ ነው። ይህን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሣ ትዕግሥቴ ተሟጥጧል። የሚጨፍረው ድብ በተለይ ከቀራጺው ፓውታ ሳይላ ጋር የሚነሣ የኪንጋይት መንደር፣ በቀድሞ ስሟ የኬፕ ዶርሴት፣ ሥራ ነው። ሰርፐንቲን የሚባለው የዚያ አካባቢ አረንጓዴ ድንጋይ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይወለወላል፤ ቀጥኖ ሲቀረጽም ስለማይፈርስ ቀራጺው ኦሱይቶክ ኢፒሊ ካሪቡ የሚባለውን የሰሜን አጋዘን በቀጫጭን እግሮቹ ሊያቆመው ችሏል።

ወደ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ወደ አርቪያት፣ ሲኬድ ግን የሚገኘው ግራጫ ድንጋይ እጅግ ጠንካራ ነው፤ በእጅ መሣሪያ ጥቃቅን ዝርዝር ማውጣት አድካሚ በመሆኑ ቀራጺዎቹ ከድንጋዩ የሚያነሡት ጥቂት ብቻ ነው። ሉሲ ታሴኦር ቱትስዊቶክ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ የቤተሰብ ፊቶችን ብቻ አውጥታ የቀረውን እንዳለ ትተወው ነበር፤ ጆን ፓንግናርክ ደግሞ የሰውን አካል ወደ ጥቂት ገጽታዎች አሳጥሮታል። አንድ ገዢ እንዲህ ያለውን የአርቪያት ሥራ እያገላበጠ «ይህ እኮ አላለቀም» ብሎ ዋጋ እንዲቀነስለት ሲከራከር ሰምቻለሁ። ሥራው ያለቀው ቀራጺዋ እጇን ያነሣች ዕለት ነበር።

ከባሕር ርቃ በምትገኘው ቤከር ሌክ ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ ግዙፍና ድፍን ቅርጾችን ያስገኛል፤ የባርናባስ አርናሱንጋክ ጸጉራም የዋልታ በሬዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በኩቤክ ሰሜን በፑቪርኒቱክ ትረካ ይበዛል፤ ጆ ታሊሩኒሊ በልጅነቱ ያለፈበትን የስደት ጉዞ እያስታወሰ በሰው የታጨቁ ጀልባዎችን ደጋግሞ ቀርጿል። በታሎዮአክ ካሩ አሼቫክ የአሮጌ ዓሣ ነባሪ አጥንትን ወደ ዓይነ ግልብጥ መናፍስት ለውጦታል። ስለዚህ ለጀማሪዎች የምሰጠው ምክር ከቀራጺው ስም በፊት ቁሱንና የመጣበትን መንደር እንዲያጣሩ ነው። ሁሉን ድንጋይ «የሳሙና ድንጋይ» ብሎ መጥራትም ከዚሁ ስህተት ይመደባል።

የታሪኩ ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ዛሬ የሚታየው ሥራ ሳይለወጥ ከጥንት የመጣ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ሠዓሊው ጄምስ ሂውስተን የፈጠረው ነው ይላል። ዋልረስ ከሚባለው ረጃጅም ጥርስ ካለው የባሕር እንስሳ ጥርስ የሚሠሩ ጥቃቅን ቅርጾች ከሺህ ዓመት በፊትም ነበሩ፤ በኋላም ለዓሣ ነባሪ አዳኞችና ለሚስዮናውያን ይሸጡ ነበር። ሂውስተን በ1948 እ.ኤ.አ. በኩቤክ ሰሜን ወዳለችው ኢኑክጁዋክ ሄዶ የተመለከታቸውን ሥራዎች ይዞ ወደ ደቡብ ተመለሰ፤ በኅዳር 1949 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የቀረቡት ቅርጾችም በሦስት ቀን ተሸጠው አለቁ። የቀበሮ ቆዳ ዋጋ በወደቀበት ዘመን ይህ ገበያ ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነ፤ የሥራዎቹ መጠንም የደቡብ ገዢዎችን ፍላጎት እየተከተለ አደገ።

ቀራጺው የኤሌክትሪክ መፍጫ ስለተጠቀመ ሥራው እውነተኛ አይደለም ማለት ከንቱ ነው።

በ1958 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢግሉ (የበረዶ ቤት) ምልክት ያለበት መለያ ካርድ ጠቃሚ ማስረጃ ቢሆንም፣ አለመኖሩ ብቻውን ሥራውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ከቀራጺው እጅ በቀጥታ የተገዛ ሥራ ካርድ ላይኖረው ይችላል። ይልቅስ ግርጌውን ገልብጦ ፊርማውን ማየት ይበጃል። ፊርማው በኢኑይት ቋንቋ በኢኑክቲቱት ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ያ ፊደል እንደ እኛው ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል። በአሮጌ ሥራዎች ላይ በኢ ወይም በደብልዩ የላቲን ፊደል የሚጀምር ቁጥር ከተገኘ፣ መንግሥት ቀድሞ ለኢኑይት ይሰጠው የነበረው መለያ ቁጥር ስለሆነ የሙዚየም መዝገብ መስሎ እንዳይፋቅ። ከሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ድብልቅ በቅርጽ ማፍሰሻ የሚመረቱ አስመሳይ ሥራዎች ግን ሲነኩ እንደ ድንጋይ አይቀዘቅዙም።

በመጨረሻም በአሜሪካ ላሉ ዘመዶች ከቶሮንቶ ስጦታ የሚልኩ ወገኖች የዓሣ ነባሪ አጥንት ወይም የዋልረስ ጥርስ ሥራ ከመምረጣቸው በፊት ያስቡበት፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ ወደ አገሪቱ ማስገባት ይከለክላል። ድንጋዩ ይህ ጣጣ የለበትም።