ድንጋይ ሲወጠር፦ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ጂኦሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪው ይቀየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። አንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አርሜ አልፋለሁ። አንደኛው ግን ያንገበግበኛል።

በቀላሉ ልጀምር። ስንጥቅ ሁሉ ፎልት አይደለም። ፎልት የምንለው ግራና ቀኙ ተንሸራቶ የተላለፈ ስብራት ሲሆን ነው።

መንቀጥቀጥን እንደ እንጨት ስብራት ማሰብ። ይህን ለዓመታት ያስተማርኩት እኔው ነኝ። እንጨት ይዤ እገባና ቀስ እያልኩ አጎብጠዋለሁ። ቀጭ ሲል "አያችሁ፣ ይሄ ነው" እላለሁ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ "ከተሰበረ በኋላማ አለቀለት አይደል?" አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ምሳሌዬ ነው። አብዛኛው መንቀጥቀጥ የሚነሳው ድሮ በተሰበረ ቦታ ላይ ነው።

አሁን የምይዘው ጡብ ነው። ሸካራ ጣውላ ላይ አስቀምጬ በላስቲክ እጎትተዋለሁ። ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ይለጠጣል። ጡቡ ንቅንቅ አይልም፤ ሰበቃው ይዞታል። ከዚያ ድንገት ወደፊት ይወረወራል፣ ላስቲኩም ይረግባል። መጎተቴን ካላቆምኩ ጡቡ እንደገና ይያዛል፣ እንደገና ይወረወራል። ላስቲኩ በፎልቱ ዙሪያ ያለው አለት ነው። እጄ ደግሞ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚጓዘው የመሬት ቅርፊት። አሜሪካዊው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ ይህን ያብራራው እ.ኤ.አ. ከ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ መንቀጥቀጥ በኋላ ነበር። ያኔ ፎልቱን አቋርጠው የሚያልፉ አጥሮች ተቆርጠው በሜትሮች ተፈናቅለው ነበር።

"ትናንሾቹ መንቀጥቀጦች ውጥረቱን እያስተነፈሱት ነው" ማለት። ትዕግስቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ሰው በዚህ ቃል ተጽናንቶ ይተኛል! እስቲ እናስላው። የመንቀጥቀጡ መጠን (ማግኒቲዩድ) በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚወጣው ጉልበት 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በሁለት ቁጥር ሲጨምር 1,000 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ መጠኑ 7 የሆነ የአንድ መንቀጥቀጥን ጉልበት መጠናቸው 5 በሆኑ መንቀጥቀጦች ለማስተንፈስ አንድ ሺህ ያህሉ ያስፈልጋሉ። በ4 ከሆነ ከ30 ሺህ በላይ። በተፈጥሮ ግን መጠኑ አንድ ቁጥር ሲወርድ ብዛታቸው የሚያድገው አሥር እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ሒሳቡ በፍጹም አይሞላም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2011 ከ7 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ከባሕር ዳርቻው ማዶ ተነስቶ ነበር። ሰው ሁሉ "ተነፈሰ" ቢል ይፈረድበታል? ከሁለት ቀን በኋላ 9 የደረሰው መጣ። ሱናሚውም አብሮ።

የፎልት ስም ሸምድዶ የውጥረቱን አቅጣጫ መርሳት። አለት ሲሳብ በፎልቱ ላይ ያጋደለው ወገን ቁልቁል ይወርዳል። ሲጨመቅ ሽቅብ ይወጣል። ጎን ለጎን በተቃራኒ ሲገፋ አግድም ይተላለፋል። ይህን የያዘ ስሞቹ ራሳቸው ይመጡለታል። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ቶሎ እጁን ይሰጣል።

ካርታ ላይ ያለችውን ነጥብ መንቀጥቀጡ ራሱ አድርጎ ማየት። ነጥቧ የምታሳየው መንሸራተቱ ከሥር የጀመረበትን ቦታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት አጠገብ በተነሳው መንቀጥቀጥ የተንሸራተተው ፎልት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ነበረው። ከነጥቧ ራቅ ማለት ከፎልቱ መራቅ አይደለም።

የመጨረሻው፣ "እዚህ አካባቢማ ወጥቶለታል" ማለት። አንዱ ፎልት ሲንሸራተት የራሱ ውጥረት ይቀንሳል። ጫፉ ላይ ላለው ጎረቤቱ ግን ሸክም ይጨምርበታል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 የቱርኳ ኢዝሚት ተመታች። ሦስት ወር ሳይሞላ በስተምሥራቋ ያለችው ዱዝጄ ተከተለች። በ2023ም እዚያው ቱርክ ውስጥ መጠኑ 7.8 ከሆነው በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቆይቶ 7.5 የሆነው በሌላ ፎልት ላይ ተነሳ።

ይህን ለማሳየት ሁለት ጡብ በላስቲክ አያይዛለሁ። የፊተኛው ሲወረወር በመሃላቸው ያለው ላስቲክ ይወጠራል። ያን ጊዜ የተማሪዎቹ ዓይን ፊተኛውን ትቶ ኋለኛው ጡብ ላይ ይተከላል።